የጉበት ጠባሳ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?

ጥያቄ፦

የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 43 ነው፤ መምህር ነው፤ የምንኖረው ደሴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ተነገረው። ምንም የሚሰማው ነገር ስላልነበረ ችላ አለው። ባለፈው ክረምት ድካም ሲበዛበት አልትራሳውንድ ተነሣ፤ ጉበቱ ሻክሯል፣ ጠባሳ ይዟል፣ «ሲሮሲስ» ነው ተባልን። አዲስ አበባ ወስደነው በኤንዶስኮፒ ሲታይ ደግሞ የምግብ ቧንቧው ላይ ያበጡ የደም ሥሮች ተገኙ፤ መጠናቸው «መካከለኛ» ነው ብለውናል። እስካሁን አልደማም፤ ሆዱም ውሃ አልቋጠረም፤ ዓይኑም ቢጫ አልሆነም።

ሁለት መድኃኒት ታዘዘለት። አንዱ ቴኖፎቪር ነው፤ ፋርማሲ ስንሄድ የኤችአይቪ መድኃኒት መሆኑን ሰማን። ወንድሜ ደንግጦ ብልቃጡን ደብቆ ነው የሚይዘው። ሌላው ፕሮፕራኖሎል የሚባል የግፊት መድኃኒት ነው። እሱ ግን ግፊት የለበትም፤ ሲለካ 110 በ70 ነው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ተወው። አንዱ ሐኪም «የጉበት ጠባሳ አይጠፋም» ሲለን ሌላው «ይቀንሳል» አለን። አሜሪካ ያለው የአክስታችን ልጅ የጉበት ጠባሳ የሚያጠፋ አዲስ ክኒን ጸድቋል ብሎ ደውሎልናል። እናታችን፣ እሷም በጉበት በሽታ ነው ያረፈችው፣ የተወችልንን ቦታ ሸጠን መድኃኒቱን እናስመጣ የሚል ሐሳብ በቤተሰቡ ተነሥቷል።

በቅርቡ ደግሞ ሆስፒታሉ «ለጥናት ደም እንውሰድ፣ ጉበትህንም በመሣሪያ እንለካ» ሲለው «መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ጎረቤታችን ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ አልቡሚን ሲገዙ ቤታቸው ተራቁቷል፤ እኛም ከአሁኑ ማጠራቀም አለብን? ወንድሜ መጠጥ አይቀምስም፤ ጫት ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ይቅማል።

እኅቱ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ ብዙ ነገር ጠይቀውኛል፤ ከሁሉም የሚያስቸኩለው ግን እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው ያለፉት ነው። ወንድምዎ ፕሮፕራኖሎሉን አቋርጠዋል። የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ለሐኪማቸው ይደውሉና በምን ያህል መጠን እንደገና እንደሚጀምሩ ይጠይቁ። አስም ካለባቸው ወይም የልብ ምታቸው ከወትሮው የዘገየ ከሆነ ይህንንም ይንገሩ። መድኃኒቱ የማይስማማቸው ከሆነ ያበጡትን ሥሮች በኤንዶስኮፒ ገብቶ በላስቲክ ቀለበት ማሰር ይቻላል። ሁለቱንም ትቶ መቀመጥ ግን አይሆንም።

ግፊት ለሌለበት ሰው የግፊት መድኃኒት ለምን ይታዘዛል? ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ውስጥ ያልፋል። ወደ ጉበት የሚያስገባው ትልቁ ሥር ፖርታል ቬን ይባላል። ጤነኛ ጉበት ይህን ደም ያለ ችግር ያሳልፈዋል፤ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ጉበቱ በጠባሳ ሲሞላ ደሙ ማለፊያ ያጣል። ልዩነቱ 10 ሲደርስ በሽታው ወደ አደገኛው ደረጃ የመሻገር ዕድሉ ይጨምራል፤ 12 ሲሞላ ያበጡት ሥሮች ሊፈነዱ ይችላሉ። ዋናው ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው በየጎኑ ጥሶ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ደሙም በምግብ ቧንቧና በጨጓራ ዙሪያ ባሉት ስስ ሥሮች በኩል መንገድ ያበጃል። ኤንዶስኮፒው ያሳያችሁ እነዚህን ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይህን ግፊት ከቶ አያየውም። ክንዳቸው 110 በ70 እያሳየ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ያለፈ መሆኑን የሥሮቹ ማበጥ ራሱ ይመሰክራል።

ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት ያዘገያል፤ ወደ አንጀት የሚሄዱትንም ሥሮች ያጠባል። በዚህ ምክንያት ወደ ጉበት የሚጎርፈው ደም ይቀንሳል። ይህን በሕሙማን ላይ ያሳዩት ፓሪስ አጠገብ፣ ክሊሺ በሚገኘው ቦዦን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዲዲዬ ለብሬክና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1981 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጡት ጥናት አንድ ጊዜ ደምተው የተረፉ 74 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ነበር። ዓመት ሲሞላ ፕሮፕራኖሎል ከወሰዱት 96 በመቶው እንደገና አልደሙም፤ የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ግን ሳይደማ የቆየው ግማሹ ብቻ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን ያህል የሚያስደንቅ ልዩነት አላገኙም፤ ይሁንና መድኃኒቱ እንደሚጠቅም በየጊዜው አረጋግጠዋል።

ከዚያ የሚበልጠውን ዜና ያመጣው ስፔን ውስጥ የተሠራና በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ፕሬዴስሲ ይባላል፤ የመሩት የባርሴሎናው ካንዲድ ቪያኑዌቫ ናቸው። 201 ሰዎች ገቡበት። ሁሉም ሲሮሲስ ያለባቸው፣ የጉበት ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና ያልደሙና ሆዳቸው ውሃ ያልቋጠረ ነበሩ። ለግማሹ ፕሮፕራኖሎል ወይም የቅርብ ዘመዱ ካርቬዲሎል ተሰጠ፤ ለግማሹ የማስመሰያ ክኒን። ሦስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። በሽታው የከፋባቸው ወይም የሞቱት በማስመሰያው ወገን ከመቶ 27፣ በመድኃኒቱ ወገን ከመቶ 16 ሆኑ። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ሆድ ውሃ እንዳይቋጥር በማድረጉ ነው። በጥናቱ ከገቡት አብዛኞቹን ጉበታቸውን የጎዳው ሄፓታይተስ ሲ ወይም አልኮል ስለነበር ቁጥሩን እንዳለ ወደ ወንድምዎ ማዛወር አይቻልም። ግፊቱ የሚፈጠርበትና የሚቀንስበት መንገድ ግን አንድ ነው። የወንድምዎ ሥሮች ደግሞ መካከለኛ መጠን ስለደረሱ መድማትን ለመከላከል ብቻ እንኳ መድኃኒቱ ያስፈልጋቸዋል።

በዚህ ጥናት ውስጥ ጠባሳው ቀለጠ ወይስ አልቀለጠም ብሎ የጠየቀ የለም። የተቆጠረው ስንቱ ሆዱ ተነፋ፣ ስንቱ ደማ፣ ስንቱ ሞተ የሚለው ነው። ስለ ጉበት መድኃኒት ወሬ በሰሙ ቁጥር እርስዎም መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ፦ ጥናቱ የቆጠረው ምንድን ነው? በማይክሮስኮፕ የታየ ለውጥ ነው ወይስ ሕመምተኛው ራሱ የሚያውቀው ሥቃይ? ቤተሰቡን እንቅልፍ የነሣው ጉዳይ ግማሹ በዚህ ጥያቄ ይፈታል።

እኛ ሐኪሞች ሲሮሲስን በሁለት ከፍለን ነው የምናየው። ሆድ ውሃ ሳይቋጥር፣ ደም ሳይፈስ፣ ሐሳብ ሳይዘበራረቅ፣ ዓይን ቢጫ ሳይሆን የቆየ ጉበት ቢጠበስም ሥራውን ተሸክሞ እየሄደ ነው። ከእነዚህ አንዱ የመጣ ዕለት ግን ምዕራፉ ይቀየራል። ጣሊያናዊው ጄናሮ ዳሚኮና ባልደረቦቻቸው በ2006 ከመቶ በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ካሉት ግማሾቹ ከ12 ዓመት በላይ ሲኖሩ በሁለተኛው ካሉት ግማሾቹ የቆዩት ሁለት ዓመት ያህል ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተገኙት ዛሬ ያሉት የቫይረስ መድኃኒቶች ከመስፋፋታቸው በፊት ስለሆነ እንደ ፍርድ አይውሰዷቸው። ደብዳቤዎ እንደሚነግረኝ ወንድምዎ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ናቸው። ሕክምናው በሙሉ የሚታገለው እዚያው እንዲቆዩ ነው።

የሁለቱ ሐኪሞች ነገር እንዲህ ነው። «አይጠፋም» ያሉት እኛም ትምህርት ቤት የተማርነውን ነው የነገሯችሁ። «ይቀንሳል» ያሉት ከዚያ ወዲህ የመጣውን አክለዋል። በጉበት ሕዋሳት መካከል ቫይታሚን ኤ ይዘው ጸጥ ብለው የሚቀመጡ ስቴሌት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ቫይረስ፣ አልኮል ወይም ስብ ጉበቱን ሲያቆስለው ይነቃሉና ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ ክር ይፈትላሉ። ሥራቸው ጥገና ነው፤ ቁስሉ አንድ ጊዜ ደርሶ ቢያበቃ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ቁስሉ ለ20 እና ለ30 ዓመት ሳያቋርጥ ሲቀጥል ግን ክሩ ተጠላልፎ ጉበቱን በጉብታ በጉብታ ይከፋፍለዋል። መቁሰሉ ከቆመ ስቴሌቶቹ ይሞታሉ ወይም ወደ ዕረፍታቸው ይመለሳሉ፤ ክር የሚያሟሙ ኤንዛይሞችም ሥራ ይጀምራሉ። ያረጀና የተቆላለፈ ክር በቶሎ አይሟሟም፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይሟሟም።

ይህ በሰው ላይ በግልጽ የታየው ወንድምዎ ደብቀው በሚይዙት ክኒን ነው። ፓትሪክ ማርሴሌንና ባልደረቦቻቸው በ2013 ባወጡት ጥናት ቴኖፎቪር እስከ አምስት ዓመት የወሰዱ 348 የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ከመጀመራቸው በፊትና ከአምስት ዓመት በኋላ የጉበት ናሙና ሰጥተዋል። ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች ውስጥ በአምስተኛው ዓመት 74 በመቶው ሲሮሲስ አልተገኘባቸውም። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ እኔም ለሕሙማን እነግራለሁ። ነገር ግን ምን እንደተቆጠረ እንጠይቅ ካልን እዚህም መጠየቅ አለብን። ሙከራውን የጀመሩት 641 ነበሩ፤ በውጤቱ የተቆጠሩት እስከ መጨረሻው የዘለቁትና ሁለተኛ መርፌ የፈቀዱት ብቻ ናቸው። ከዚህም ሌላ መርፌው የሚያወጣው ናሙና ከጠቅላላው ጉበት ወደ 50 ሺኛው ክፍል ያህል ብቻ ነው። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሰዎች ላይ ጠባሳው የመቀነሱ ዕድል አነስተኛ ነበር፤ ይህን ደግሞ ወንድምዎ ልብ ይበሉት።

ስለዚህ እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ በ2004 የወጣው የታይዋኑ ዩን ፋን ልያው ጥናት ነው፤ ጠባሳን ሳይሆን ሰውን ስለቆጠረ። የጉበት ጠባሳቸው የገፋ ወይም ሲሮሲስ የያዛቸው 651 እስያውያን ላሚቩዲን የተባለውን የቆየ መድኃኒት ወይም ማስመሰያ ወሰዱ። በሽታው የከፋባቸው በማስመሰያው ወገን 17.7 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ወገን 7.8 በመቶ ሆኑ፤ ጥቅሙ ገና ሳይጠናቀቅ ስለታየ ሙከራው ከቀጠሮው በፊት ቆመ። ላሚቩዲን ቫይረሱ ቶሎ የሚለምደው ደካማ መድኃኒት ነው። ቴኖፎቪር ከእሱ በብዙ ይበልጣል።

ቴኖፎቪር ኤችአይቪንም የሚገታው ሁለቱ ቫይረሶች ራሳቸውን የሚያባዙበት ኤንዛይም ስለሚመሳሰል ነው። ወንድምዎ ኤችአይቪ አለባቸው ማለት አይደለም፤ በነገራችን ላይ ቴኖፎቪር ብቻውን የኤችአይቪ ሕክምና አይሆንም። ብልቃጡን ቢደብቁት አልፈርድባቸውም፤ ሰው አፍ ውስጥ መግባት ከባድ ነው። አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘሉ ግን አደራ። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በድንገት ሲያቋርጠው ቫይረሱ ሊያገረሽና ጉበቱ በሳምንታት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ጠባሳው ቢቀንስም የጉበት ካንሰር ስጋት ስለማይጠፋ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መታየት ይቀጥላል።

የአክስትዎ ልጅ የነገሯችሁ ወሬ እውነት ነው፤ ለወንድምዎ ግን አይሆንም። በመጋቢት 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሬስሜቲሮም የተባለ ክኒን አጽድቋል፤ የንግድ ስሙ ሬዝዲፍራ ነው። የጸደቀው በስብ ክምችት ጉበታቸው ለተቆጣና ጠባሳቸው መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ደረጃ ለደረሰ፣ ነገር ግን ሲሮሲስ ላልያዛቸው ሰዎች ነው። 966 ሰዎች በገቡበት ሙከራ ከአንድ ዓመት በኋላ ጠባሳው ቢያንስ አንድ ደረጃ የቀነሰላቸው እንደ መጠኑ ከመቶ 24 እስከ 26 ነበሩ፤ በማስመሰያው ወገን ደግሞ ከመቶ 14። ክኒኑን ወስደው ጠባሳቸው የቀነሰ ከአራት ሰው አንድ ነው፤ ይህም በማይክሮስኮፕ የታየ ነው። በነሐሴ 2025 በክብደት መቀነሻነቱ የሚታወቀው ሴማግሉታይድ ለዚሁ በሽታና ለዚሁ ደረጃ ተፈቅዷል። የወንድምዎ ጉበት የቆሰለው በስብ ሳይሆን በቫይረስ ነው፤ ደረጃውም ሲሮሲስ ደርሷል። በሁለቱም በር አይገቡም። ሬዝዲፍራ ገበያ ሲወጣ የዓመት ዋጋው ከ47 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ቦታውን አትሽጡ።

ሲሮሲስን ራሱን ለማቅለጥ የተደረገው ሙከራ ታሪክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የውድቀት ታሪክ ነው። ክሩን የሚያቆላልፈውን ኤንዛይም እንዲያግድ የተሠራው ሲምቱዙማብ ከማስመሰያው የተሻለ ነገር አላሳየም። ሴሎንሰርቲብ የተባለው በ2019 በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ወደቀ። ሴማግሉታይድም ቢሆን ሲሮሲስ በደረሰ የስብ ጉበት ላይ በ71 ሰዎች ሲሞከር ጠባሳውን አልቀነሰም። በ2025 ውጤቱ የታተመው ኤፍሩክሲፈርሚን በ36ኛው ሳምንት ያለመውን ባይመታም በ96ኛው ሳምንት ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ታይቶበታል። እሱም የሚጠናው ለስብ ጉበት ነው። እኔ ከእነዚህ ሁሉ የማነበው አንድ ነገር ነው፦ ጠባሳውን ብቻ ያነጣጠሩት ወደቁ፤ የሚያቆስለውን ያስቆሙት ግን ተሳካላቸው። ወንድምዎ የሚያቆስለውን የሚያስቆመው ክኒን በእጃቸው አለ።

አልቡሚንን በተመለከተ ቤተሰቦች ሲጨነቁ ስለማይ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን ነው፤ ሲሮሲስ ሲገፋ ይቀንሳል። ቀነሰ ብሎ ከውጭ መሙላት ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በማያጠራጥር ሁኔታ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሆድ ውስጥ የተቋጠረው ውሃ በባክቴሪያ ሲመረዝ ከአንቲባዮቲክ ጋር አልቡሚን መስጠት ሕይወት ያድናል። በ1999 የታተመው፣ 126 ሕሙማን የገቡበት የስፔን ጥናት ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱትን ከ29 በመቶ ወደ 10 በመቶ፣ ኩላሊታቸው የሚጎዳውን ደግሞ ከ33 ወደ 10 በመቶ አውርዷል። ከ5 ሊትር በላይ ውሃ ከሆድ ሲቀዳም ለእያንዳንዱ ሊትር 8 ግራም ያህል ይሰጣል። ኩላሊት በጉበት ምክንያት ሲደክም እንዲሁ።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ያከራክራል። በ2018 ጣሊያኖች ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ 440 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለግማሹ በየሳምንቱ 40 ግራም አልቡሚን ሰጡ፤ በ18ኛው ወር በሕይወት የነበሩት በአልቡሚኑ ወገን 77 በመቶ፣ በሌላው 66 በመቶ ሆኑ። በ2021 እንግሊዞች ሆስፒታል የተኙ 777 ሕሙማንን ይዘው የደማቸው አልቡሚን 30 ግራም በሊትር እስኪደርስ በየቀኑ ሲሞሉ ግን ምንም ልዩነት አልመጣም፤ ችግር የገጠማቸው በአንዱ ወገን 29.7 በሌላው 30.2 በመቶ ነበሩ። እንዲያውም አልቡሚን ከበዛላቸው መካከል ሳንባቸው ውሃ የሞላባቸው በርክተዋል። የጣሊያኑ ጥናት ማስመሰያ አልነበረውም፤ አልቡሚን የሚወስደው ሰው በየሳምንቱ ነርስና ሐኪም ፊት ይቀርብ ነበር። ከጥቅሙ ምን ያህሉ የብልቃጡ፣ ምን ያህሉ በየሳምንቱ የመታየቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እኔ የመታየቱ ድርሻ ትንሽ አይመስለኝም። ስለዚህ ወንድምዎ ሆዳቸው ውሃ ሳይቋጥር ለአልቡሚን ማጠራቀም አያስፈልግም። የጎረቤታችሁ ቤተሰብ ደግሞ ሐኪሙን «አሁን የሚገዛው ለየትኛው ምክንያት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። «የደም ምርመራው ዝቅ ስላለ» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ የእንግሊዙ ጥናት ለዚህ ድጋፍ አልሰጠም።

ወንድምዎ «መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው» ያሉትን እረዳለሁ፤ የሐኪም ዝምታ የሚያመጣው ጥርጣሬ ነው። ከደብዳቤዎ እንደሚገባኝ ግን የተጠየቁት መድኃኒት እንዲሞከርባቸው አይደለም። መሣሪያው ፋይብሮስካን ሳይሆን አይቀርም፤ ጎን ላይ ተቀምጦ ቀላል ንዝረት ይልክና ጉበቱ ምን ያህል እንደጠነከረ በኪሎፓስካል ይናገራል። አያምም፤ መርፌም የለውም፤ ከምርመራው በፊት ለሦስት ሰዓት ያህል ምግብ አለመብላት ብቻ ነው የሚጠይቀው። የዚህ ዓይነቱ ጥናት አገራችን ውስጥ ምን እንዳመጣ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ሲከፈት ከ1300 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ክትትል ጀመሩ፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ፋይብሮስካን በሌለበት ቦታ ኤፕሪ የሚባለውን ስሌት ተጠቀሙ ይል ነበር፤ ኤኤስቲ ከሚባለው የጉበት ኤንዛይምና ከፕላትሌት ቁጥር የሚሰላ ርካሽ ነገር ነው። ከ2 ሲበልጥ ሲሮሲስ አለ፣ መድኃኒት ይጀመር ማለት ነበር።

ስሌቱ የተቀመረው በሌላ አህጉር ሕሙማን ላይ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከስምንት የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰበና 3548 ሰዎችን የያዘ ጥናት በ2023 ሲወጣ፣ 2 የሚለው መስመር ሲሮሲስ ካለባቸው መቶ ሰዎች 17 ያህሉን ብቻ ይይዝ እንደነበር ታወቀ። የቀሩት «ደህና ናችሁ» ተብለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ነበሩ። በመጋቢት 2024 የዓለም ጤና ድርጅት መስመሩን ለሲሮሲስ ወደ 1፣ ሕክምና ለሚያስፈልገው ጠባሳ ወደ 0.5 ዝቅ አደረገው። ይህን የመሰለ ማስረጃ የሚገኘው ደማቸውን ከሰጡና ጎናቸውን ካስለኩ ሰዎች ነው። ወንድምዎ ከመፈረማቸው በፊት ግን ይጠይቁ፦ የያዝኩት መድኃኒት ይቀየራል ወይ? ማስመሰያ ክኒን አለበት ወይ? ውጤቱን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ? ልተው ብል ሕክምናዬ ይነካል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? መልሱ በጽሑፍ ይሰጣቸው። ካልጣማቸው እምቢ የማለት ሙሉ መብት አላቸው።

ጫቱ ይቅር። በሐረር ሆስፒታሎች 150 የጉበት ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረው በ2018 የታተመ ጥናት ጫት ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ፣ ብዙ በተቃመ ቁጥርም አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። ቫይረስ ያለበት ጉበት ላይ ይህን መጨመር አይገባም። ለበርጫ ጓደኞቻቸው ምን እንደሚሉ እሳቸው ያውቃሉ።

«ለጉበት» እየተባለ የሚሰጥ ቅጠልና ሥርም እንዲሁ ይቅር። ትግራይ ውስጥ በታሕታይ ቆራሮ ሆዳቸው እየተነፋ የሞቱት ሰዎች ነገር ለዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም ውስጥ ያለ የጉበት መርዝ ሆኖ ተገኝቷል። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ለጉበት ደግ አይደለም። ለራስ ምታትና ለወገብ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ ይሻላል።

«ጉበት ነውና ሥጋና እንቁላል አይንካ» የሚለውን አትስሙ፤ ሲሮሲስ ጡንቻ ይበላል፤ ፕሮቲን መከልከል አይጠቅምም። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ዓሣ ይብሉ፤ ከመተኛታቸው በፊትም ትንሽ ነገር ይቅመሱ። ረጅም ጾም ለሚጾም ሰው ይህ ይከብዳል፤ ከንስሐ አባትም ሆነ ከሼኽ ጋር የሚመከርበት ነው።

ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ቀን ማንቀላፋትና ሐሳብ መዘበራረቅ፣ የሆድ መነፋት፣ ትኩሳት፦ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ነገ አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።

አሁን ስለ እርስዎ። እናታችሁ በጉበት በሽታ ማረፋቸውን በመሐል ጣል አድርገው አልፈውታል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን በአብዛኛው የሚያዘው በልጅነት ነው፤ ከእናት በወሊድ ጊዜ ወይም ቤት ውስጥ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው። ከአንድ እናት የተወለዳችሁ ሁሉ፣ የወንድምዎ ባለቤትና ልጆቻቸውም ጭምር፣ ተመርመሩ። የጣት ደም የሚበቃው ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ቫይረሱ የሌለበትና ከዚህ በፊት ያልተከተበ ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን ክትባት ይጀምር፤ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። ቫይረሱ የተገኘበት ደግሞ ኤኤስቲውንና ፕላትሌቱን አስለክቶ ኤፕሪውን ያስላ፤ ከ0.5 ካለፈ ምንም ባይሰማውም ሕክምና እንዲጀምር ከሐኪም ጋር ይነጋገር። ወንድምዎ ደም ሊለግሱ ሄደው ውጤቱን በሰሙ ጊዜ ያመለጣቸው ይህ ነበር።